አንድ ዓይነት ውፈር፣ አንድ ዓይነት አምፕ፣ የተለያየ ድምፅ፦ ልዩነቱን በቅደም ተከተል መፈለጊያ

ሁለት የአክስት ልጆች አሉ። አንዱ ደሴ ይኖራል፣ ሌላው ኮምቦልቻ። ሁለቱም የሚነዱት ቪትዝ ነው። ተመካክረው አንድ ዓይነት ሙዚቃ አስገጠሙ። 12 ኢንች ውፈር (ቤዝ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር)፣ 1000 ዋት የተባለ አምፕሊፋየር (አምፕ፣ ድምፁን የሚያጎላው)። ሳጥኑን የሠራላቸውም አንድ አናጺ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰላም የለም። በተገናኙ ቁጥር የኮምቦልቻው ይበልጣል። እያንዳንዱ በየከተማው በድምፅ መለኪያ (ሜትር) ሲለካ የኮምቦልቻው 139.1 ዴሲቤል፣ የደሴው 135.8።

የደሴው ልጅ አንድ ቀን ጠዋት ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ የሸጡልኝ ውፈር ፎርጅድ ነው። አውጣልኝና ሌላ ልግዛ» አለኝ።

አትግዛ አልኩት። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ እንዲህ ብሎኝ አዲስ ውፈር አስገዝቼው ነበር። ገጠምነው፣ ምንም ለውጥ የለም። በኋላ ችግሩ አንድ ያልጠበቀ ዳዶ ሆኖ ተገኘ። የዚያ ሰው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለዚህ ነው አሁን ሳልለካ እጄን ወደ ካቻቢቴ የማልሰደው። ከዚህ በታች የጻፍኩት የእነዚህን ሁለት መኪኖች ልዩነት የፈለግንበትን መንገድ ነው። ለቪትዝም ለኮሮላም ለአባዱላም ይሠራል።

ከመጀመራችን በፊት ቁጥሩን እንረዳው። ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር ተደማሪ አይደለም። 3 ዴሲቤል ለመጨመር የአምፑ ጉልበት እጥፍ መሆን አለበት። 10 ዴሲቤል ለመጨመር አሥር እጥፍ። ጆሯችን ደግሞ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው 10 ዴሲቤል አካባቢ ሲጨምር ነው። ስለዚህ የ3.3 ዴሲቤል ልዩነት ማለት የደሴው መኪና የኮምቦልቻውን ግማሽ ጉልበት እንኳ አያወጣም ማለት ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ! እዚህ መሀል የጠፋ ነገር አለ። የጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይደለም። ትንሽ እዚህ፣ ትንሽ እዚያ ነው።

ጆሮን በተመለከተ

ይህን አትዝለሉት። የሙያ ጤና ባለሙያዎች ልኬት 85 ዴሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። የውድድር መኪና 135 ሲያወጣ ውስጥ መቀመጥ ጆሮን መስጠት ነው። መስኮቱን ዝጉ፣ ከመኪናው ውጡ፣ ሜትሩን በመስታወት በኩል አንብቡ። የጆሮ መድፈኛም አድርጉ። በማግሥቱ ጆሯችሁ ጭው ካለ ትናንት ተጎድቷል ማለት ነው።

ሞተር አስነስታችሁ ስለምትለኩ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አትሥሩ። ጭሱ ይገድላል። ቦታውንም ምረጡ። እኛ ከሰፈር ወጥተን፣ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ከሐኪም ቤትም ርቀን ነው የምንለካው። ሕፃን ያስተኛች እናት ስለ ዴሲቤል ግድ የላትም።

ደረጃ 1፦ ሁለቱንም መኪኖች አንድ ቦታ አቁሙ

መጀመሪያ ያደረግነው የደሴውን መኪና ይዘን ቁልቁል ኮምቦልቻ መውረድ ነበር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን በጣም ይለያያል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ኮምቦልቻ 1,900 ግድም። ታዲያ ከፍታ ከድምፅ ጋር ምን አገናኘው?

ድምፅ የአየር ግፊት ነው። ውፈሩ የሚገፋው አየሩን ነው። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለው አየር ኮምቦልቻ ላይ ከቦርከና ወንዝ ዳር ካለው ይሳሳል። ግፊቱ 7 በመቶ ያህል ያንሳል። ውፈሩ በሁለቱም ቦታ እኩል ቢንቀሳቀስ እንኳ ደሴ ላይ የሚወጣው ድምፅ ወደ 0.6 ዴሲቤል ያንሳል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ተራራው ነው። ዝቅ ካለ አገር የተለካ ቁጥር እያዩ ደሴ ላይ የሚበሳጩ ልጆች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተለካ መኪና ደሴ ሲመጣ 2 ዴሲቤል ተኩል ያህል ይቀንሳል።

ኮምቦልቻ ላይ ጎን ለጎን ስንለካ የደሴው 136.4 አወጣ። ልዩነቱ ከ3.3 ወደ 2.7 ወረደ። አንድም ብሎን ሳንነካ።

ስትለኩ እነዚህን አንድ አድርጉ።

መለኪያው አንድ ይሁን። ሁለት ሜትር አታወዳድሩ። የእጅ ሜትር ከሆነ ኤ እና ሲ የሚል መምረጫ አለው። ሲ ላይ አድርጉት። ኤ የሰውን ጆሮ ስለሚመስል ቤዙን ይቆርጠዋል። 50 ኸርዝ ላይ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ቤዝ ላይ) 30 ዴሲቤል ነው የሚቀንሰው። አንዱ በኤ፣ ሌላው በሲ ለክተው የተጣሉ ሰዎች አውቃለሁ። ብዙ የእጅ ሜትሮች 130 ላይ እንደሚያበቁም አትርሱ። ከዚያ በላይ ለውድድር የተሠራ መለኪያ ያስፈልጋል።

የስልክ አፕሊኬሽን ለትልቅ ድምፅ አይሆንም። የስልክ ማይክ የተሠራው ለንግግር ነው። ቤዝ ይቆርጣል፣ ድምፅ ሲበዛ ይታፈናል። ግን ሜትር ከሌላችሁ በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ልዩነቱን ብቻ ማየት ትችላላችሁ። የሚወጣውን ቁጥር ግን ለማንም አትንገሩ። የሚጠቅማችሁ ልዩነቱ ነው።

ማይኩ የሚቀመጥበት ቦታ በጣም ወሳኝ ነው። ለድምፅ ጉልበት በሚደረግ ውድድር ብዙ ጊዜ የፊት መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ከዳሽቦርዱ ያለውን ከፍታና ከጎን ምሰሶው ያለውን ርቀት በርዝመት መለኪያ ለክታችሁ በሁለቱም መኪና እኩል አድርጉ። አንድ ስንዝር ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ ይቀየራል። መስኮት፣ በር፣ የአየር ማስገቢያ ሁሉም ዝግ ይሁን። ወንበሮቹ እኩል ወደፊት ይሁኑ። ሞተሮቹ የተነሱ ይሁኑ።

አጭር ለኩ። ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉ። የውፈሩ ጥቅል ሽቦ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የሚቋቋምበት መጠን ይጨምራል። 100 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 40 በመቶ ይጨምራል፤ ያም ከ1 ዴሲቤል በላይ ይወስዳል። አንዱን መኪና በቀዝቃዛው፣ ሌላውን ሦስት ዘፈን ካጫወተ በኋላ ከለካችሁ የለካችሁት ሙቀቱን ነው።

በመጨረሻ ደብተር ያዙ። ከአንድ ለውጥ በኋላ አንድ ቁጥር ጻፉ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ደረጃ 2፦ ከምንጩ ጀምሩ

ይህ ፈጣን ነው። አንድ የሙከራ ድምፅ፣ ለምሳሌ 45 ኸርዝ፣ ፍላሽ ላይ ጫኑና ያንኑ ፍላሽ በሁለቱም ቴፕ አጫውቱ። በብሉቱዝ አታወዳድሩ። የአንዱ ስልክ ድምፅ ግማሽ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ሲፈታ የዋለ ሰው አይቻለሁ። ቴፑ ላይ ቤዝ፣ ኢኳላይዘር፣ «ላውድነስ» የሚባለው ሁሉ ዜሮ ይሁን። የሰብ ውፈር ደረጃ የሚባል ለብቻው ካለም እኩል አድርጉት።

አምፑ ላይ ያሉትን ማጣሪያዎችም እዩ። ከላይ የሚቆርጠው 80 ኸርዝ አካባቢ ይሁን። ከታች የሚቆርጠው ሳጥኑ ከተቃኘበት ድምፅ (ከሳጥኑ ቃና) በታች፣ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ኸርዝ። ይህ የታችኛው በስህተት 50 ላይ ከተጠመዘዘ የምትፈልጉትን ድምፅ ራሱን ነው የሚበላው። ቁልፏ ትንሽ ናት፣ ምንጣፍ ሲጎተት ትዞራለች።

በእኛ መኪኖች እዚህ ልዩነት አልነበረም። ቀጠልን።

ደረጃ 3፦ ቮልቱን ሙዚቃው እየተጫወተ ለኩ

እዚህ ቆም እንበል። ልምዴ የሚነግረኝ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ድምፅ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ሞተር ጠፍቶ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተር ሲነሳ ዲናሞው ወደ 13.8 ወይም 14.4 ያወጣዋል። ብዙ ሰው ይህን ያይና «መብራቱ ደህና ነው» ይላል። ግን ዝም ባለ መኪና ላይ የተለካ ቮልት ምንም አይነግራችሁም። ቧንቧ ሲዘጋ ግፊቱ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። ሰዉ ሁሉ ሲከፍት ነው የሚታየው። 1000 ዋት የሚያወጣ አምፕ ከባትሪው 100 አምፔር ያህል ይስባል። ችግሩ የሚገለጠው ያኔ ነው።

ቴስተራችሁን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ከባትሪው እስከ ኋላ የሚደርስ 5 ሜትር ያህል ቀጭን ሽቦ ለቴስተሩ አንድ ጫፍ ቀጥሉለት። የሙከራውን ድምፅ በሙሉ ጉልበት ለጥቂት ሰከንድ አጫውቱና አራት ቦታ ለኩ።

ሀ. ባትሪው ላይ፣ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ።
ለ. አምፑ ላይ፣ ከፖዘቲቭ ወደ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር ወደሚታሰረው የኔጋቲቭ ገመድ)።
ሐ. ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ አምፑ ፖዘቲቭ። ይህ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው።
መ. ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ አምፑ ማሳ። ይህ በማሳው በኩል የጠፋው ነው።

የሐ እና የመ ድምር ከግማሽ ቮልት ባይበልጥ ደግ ነው።

የኮምቦልቻው መኪና አምፑ ላይ 13.6 ቮልት ነበረው። የደሴው ባትሪ ላይ 13.3፣ አምፑ ላይ ግን 11.9። መንገድ ላይ 1.4 ቮልት ጠፍቷል። በፖዘቲቩ ገመድ 0.3 ብቻ። የቀረው 1.1 ቮልት በሙሉ በማሳው በኩል።

የኋላውን ምንጣፍ ገለጥን። ማሳው የታሰረው በወንበር ቀበቶ ብሎን ላይ ነው። ሲያዩት ያምራል። ዳዶው ጠብቋል፣ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። ብሎኑን ስፈታው ግን ከገመዱ ጫፍ በታች የመኪናው ቀለም እንዳለ ነው። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም። 100 አምፔር የሚያልፈው በብሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነበር። ጫፉ ላይ ያለው የገመዱ ልባስ ቡናማ ሆኖ ጠንክሯል። ሙቀት ነው እንዲህ ያደረገው። ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «ወላሂ ውፈሩን ልጥለው ነበር» አለኝ።

አስተካክላችሁ የምትሠሩት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። የቀበቶውን ብሎን ለቀበቶው ተዉለት፤ ሕይወት የሚያድን ብሎን ስለሆነ ምንም አትጨምሩበት። ከአምፑ ግማሽ ሜትር በማይርቅ ቦታ ወፍራም የቦዲ ብረት ምረጡ። ከሥሩ የቤንዚን መስመርና ሽቦ አለመኖሩን እዩ። በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን እስኪያብረቀርቅ ፋቁት። የገመዱን ጫፍ በወፍራም ቀለበት አስራችሁ በብሎን፣ በራንዴላና በዳዶ አጥብቁ። ከዚያ ዝገት እንዳይበላው ዙሪያውን ቀለም ወይም ግሪስ ቀቡት። ከላይ እንጂ ከሥር አይደለም።

ስንጨርስ በማሳው በኩል የሚጠፋው ከ0.1 በታች ሆነ። አምፑ ላይ 12.9 ደረሰ። ሜትሩ 137.1 አሳየ። 0.7 ዴሲቤል፣ በአንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት።

ይህ ለምን ሆነ? በብዙ የቤዝ አምፖች ውስጥ ትልቁ ጉልበት ከሚገባው ቮልት ጋር ይወርዳል። ዋቱ ደግሞ የሚከተለው የቮልቱን ካሬ ነው። ከ13.6 ወደ 11.9 ሲወርድ ዋቱ ወደ 23 በመቶ ይቀንሳል። ከየትኛውም ቮልት እኩል የሚያወጡ አምፖችም አሉ። እነሱ ግን ቮልት ሲያንስ የበለጠ አምፔር ስለሚስቡ ገመዱን ይበልጥ ያሞቁታል።

ጠፍቶ ያገኛችሁት በፖዘቲቩ በኩል ከሆነ ፊውዙን፣ የፊውዙን ቤትና ገመዱን ተከታተሉ። በእጅ ስትነኩት የሚያቃጥል ቦታ ካለ ችግሩ እሱ ነው። ገመዱን በቢላ ጫፍ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ካወጣ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ገበያው በሱ ተሞልቷል። ይሠራል፣ ግን ከንጹሕ መዳብ ይልቅ ቮልት ያጠፋል። ስለዚህ አንድ ደረጃ ወፍራም መሆን አለበት። ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራቅ። ፊውዝ የሌለው ወፍራም ገመድ በመኪና ውስጥ መዘርጋት እሳት መዘርጋት ነው።

ኮፈኑ ሥር ደግሞ ሦስት ገመዶች አሉ። ከዲናሞው ወደ ባትሪው፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ቦዲው፣ ከሞተሩ ወደ ቦዲው። ፋብሪካው የሠራቸው ለመብራትና ለቴፕ እንጂ ለ1000 ዋት አይደለም። ባትሪው ራሱ ላይ ቮልቱ የሚወድቅ ከሆነ እነዚህን ማወፈር ከአዲስ አምፕ ይቀድማል።

ደረጃ 4፦ ጌይን

ጌይን የድምፅ ቁልፍ አይደለም። አምፑን ከቴፑ ጋር ማስማሚያ ነው። የደሴው ልጅ ድምፁ ሲያንስበት እስከ መጨረሻው ጠምዝዞት ነበር። ሰው የሚያደርገው ነው፣ አልፈርድበትም። ግን እንዲህ ሲሆን የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፣ ውፈሩ ይግላል፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ የሚመስል ሽታ ይመጣል። ያ ሽታ ከመጣ አቁሙ።

የምታስተካክሉት እንዲህ ነው። የውፈሩን ሽቦ ከአምፑ ንቀሉ። ቴፑን ከሙሉው ሦስት አራተኛ ላይ አድርጉ። ዜሮ ዴሲቤል የተባለ (ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ የተቀዳ) የ40 ወይም የ50 ኸርዝ ድምፅ አጫውቱ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የአምፑን መውጫ ለኩ። ርካሽ ቴስተርም ቢሆን እዚህ አይዋሽም፤ የቤታችን መብራትም 50 ኸርዝ ስለሆነ የተሠራው ለዚያ ነው። ሊወጣ የሚገባው ቮልት ዋቱን በኦሙ (ውፈሩ ኤሌክትሪክ በሚቋቋምበት መጠን) አባዝታችሁ ሥሩን ስታወጡ የምታገኙት ነው። 1000 ዋት በ1 ኦም 31.6 ቮልት። 500 ዋት በ2 ኦም ያው 31.6። 500 ዋት በ1 ኦም 22.4። ጌይኑን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ እዚያ ላይ አድርሱና ተዉት።

ዋቱ ራሱ ውሸት ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር አትመኑ። የአምፑን ፊውዝ እዩ። በድምሩ 60 አምፔር ፊውዝ ያለው አምፕ ለረጅም ጊዜ 1000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። 60ን በ13 ብታባዙ 780 ነው፤ ከዚያም ውስጥ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

የደሴውን ጌይን መለስኩት። ሜትሩ ላይ የቀነሰው 0.2 ብቻ ነው፣ 136.9። ውፈሩ ግን ዳነ። የኮምቦልቻው ቀድሞም በትክክል ነበር።

ደረጃ 5፦ የውፈሩ ሽቦ

ብዙ ውፈሮች ሁለት ጥቅል አላቸው። ሁለት ባለ 2 ኦም ጥቅሎች ጎን ለጎን ከተገናኙ 1 ኦም፣ ተከታትለው ከተገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ። አንድ አምፕ፣ አንድ ውፈር፣ ግን በ4 ኦም የሚወጣው ዋት በ1 ኦም ከሚወጣው ከሩብ እስከ ሲሶ ነው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ከአምፑ የተነቀለውን ሽቦ ለኩ። የሚታየው ከተጻፈው ትንሽ ያነሰ ይሆናል፣ ያ ጤና ነው። አምፑ ከሚችለው በታች ግን አታውርዱት።

ከሁሉም የሚገርመው የተገለበጠ ሽቦ ነው። አንድ የአባዱላ ሾፌር ሁለት ውፈር አስገጥሞ «ከአንዱ ጊዜ ይልቅ አሁን አነሰ» ብሎ መጣ። እውነቱን ነው። አንዱን ነቀልኩት፣ ድምፁ ጨመረ። አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ይጠፋፉ ነበር። መሞከሪያው ቀላል ነው። ሽቦውን ከአምፑ ንቀሉና አንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት አስነኩት፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ። ውፈሩ ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦውን ገልብጡት። ባለ ሁለት ጥቅል ከሆነ እያንዳንዱን ጥቅል ለየብቻ ሞክሩ።

አሁንም ውፈሩን የምትጠረጥሩ ከሆነ ከሁለቱ መኪኖች አለዋውጡ። ልዩነቱ ከውፈሩ ጋር ከሄደ ውፈሩ ነው። መኪናው ውስጥ ከቀረ ውፈሩ ንጹሕ ነው። የእኛው መኪናው ውስጥ ቀረ።

ደረጃ 6፦ ሳጥኑ

ሰንደል ለኩሱ። እውነቴን ነው፣ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ፣ 30 ኸርዝ ያህል፣ አጫውቱና የሰንደሉን ጭስ በሳጥኑ መጋጠሚያ፣ በውፈሩ ዙሪያና በሽቦው መውጫ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ይቆይና ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፣ ፉት ፉት ይላል። እሳቱን ከውፈሩ ጠርዝና ከምንጣፉ አርቁ።

የደሴው ሳጥን ሽቦ በሚወጣበት ፕላስቲክ ዙሪያ ጭሱ ተወዛወዘ። አናጺው ሲልከን ያደረገው በሦስት ጎን ነው። የውፈሩም አንድ ብሎን ቺፑዱን በልቶ ላልቷል። ቺፑድ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ብሎን አይይዝም። አዲስ የምታሠሩ ከሆነ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ወይም ጥሩ ኮምፔንሳቶ አሠሩ። ለአሮጌው ከውስጥ የእንጨት ማጠናከሪያ አድርገን ብሎኑን አረዘምነው፣ ሲልከኑን ሞላንና ሙሉ ቀን አደረቅነው። 137.4።

ሳጥኑ አየር ማስወጫ ካለው የማስወጫውን መጠን ከውስጥ በርዝመት መለኪያ ለኩ። ርዝመቱ በሁለት ሴንቲ ሜትር ከተለያየ ቃናውም ይለያያል። «አንድ አናጺ ነው» ማለት «አንድ ልክ ነው» ማለት አይደለም። የእኛዎቹ እኩል ነበሩ።

ደረጃ 7፦ መኪናው ውስጥ ያለበት ቦታ

በደሴው መኪና ሳጥኑ ወደፊት ተገፍቶ፣ አየር ማስወጫው ከወንበሩ ጀርባ በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነበር። በዚያ ላይ ክሪክና የታጠፈ ጋቢ መሀል ላይ ተሰክተዋል። ልጁ ጋቢውን የሚይዘው ለደሴ ብርድ ነው፤ አይፈረድበትም። አየር ማስወጫው ፊት ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሳጥኑን አዞርነውና ወደ ኋላ በር እንዲያይ አደረግነው፤ ልክ እንደ ኮምቦልቻው። 138.6። 1.2 ዴሲቤል፣ ከአንድም ዕቃ ግዢ ውጪ።

ከዚህ በኋላ ከ35 እስከ 60 ኸርዝ በ1 ኸርዝ ልዩነት እየጨመራችሁ ለኩና የትኛው ላይ ከፍ እንደሚል ጻፉ። ሁለት መኪና በአንድ ቃና ብቻ መወዳደር አንዳንዴ አይገባም። አንዱ 43 ላይ፣ ሌላው 47 ላይ ሊጎለብት ይችላል። ይህ ቁጥር ከሙቀት ጋርም ይንቀሳቀሳል። ደሴ በ15 ዲግሪ ጠዋት 45 ኸርዝ ላይ የተቃኘ ሳጥን ኮምቦልቻ በ28 ዲግሪ ቀትር 46 ላይ ይሄዳል። ድምፅ በሞቀ አየር ይፈጥናልና። ለውድድር የምትለኩበትን ሰዓት አስቡበት።

የሚንቀጠቀጥ ታርጋ፣ የላላ የኋላ በር፣ የሚያጨበጭብ ፕላስቲክ ካለ አጥብቁ። ጉልበት ይበላሉ፣ ጆሮም ያታልላሉ።

አሁን የቀረው 0.5 ዴሲቤል ነው። እሱንም እናውቀዋለን። የኮምቦልቻው አምፕ 13.6 ቮልት ያገኛል፣ የደሴው 12.9፤ ስሌቱ 0.46 ይሰጣል። ባትሪው አርጅቷል። ልጁ ለውፈር የያዘውን ብር ለባትሪ አስቀምጦታል።

ማታ ወደ ደሴ ከተመለሰ በኋላ ደወለልኝ። ደጁ ላይ ለክቶ 138.0 አገኘ። «ጋሼ፣ እንደገና 0.6 ጠፋ» አለኝ። ተራራው ነው አልኩት። ከእንግዲህ ከአክስቱ ልጅ ጋር የሚለኩት ቦርከና ዳር ብቻ እንዲሆን ተስማምተዋል።